ሌሊቱን የሚያነጋው ማን ነው?
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተሰጠ ንግግር)



ስለ ወሊድ እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚለው ተረት ትዝ አለኝ። ከፊቴ ከተቀመጣችሁት ብዙዎቻችሁ ከእኔ ይልቅ አያሌ ሕፃናትን በእጃችሁ የተቀበላችሁ ናችሁ። ስለዚህ የአንዲት እናትን ታሪክና የራሴን አንድ ጥፋት ላወጋችሁ እንጂ ላስተምር አልመጣሁም።

ነገሩ የሆነው በ2006 ዓ.ም. በአንድ የወረዳ ጤና ጣቢያ በምሠራበት ጊዜ ነው። ሴትዮዋ የመጀመሪያ ፅንሷን በሰባተኛው ወር አጥታለች። በቤቷ ሳለች ራሷን አሟት፣ ዓይኗ ፈዝዞ፣ ኋላም አንዘፍዝፎ ጣላት። ጎረቤት «ተለክፋ ነው» ብሎ ጠበል ወሰዳት። እርሷ በሕይወት ተረፈች፤ ልጇ ግን ሞቶ ተወለደ። ሁለተኛውን በፀነሰች ጊዜ በአምስተኛው ወሯ አማቷን አስከትላ ወደ እኛ መጣች። ታሪኳን በካርዷ ላይ ጻፍሁ፤ ግፊቷን ለካሁ፤ ደኅና ነበር።

በሦስተኛው ቀጠሮዋ ግን የገበያ ቀን ነበርና ሰልፉ ረዘመ። ፊቷ ወዝቶ፣ ስትሥቅ ባየሁ ጊዜ የግፊት መለኪያውን ሳላነሣ «ደኅና ነሽ፤ ሂጂ» ብዬ አሰናበትኋት። አማቷ እግሯ ማበጡን ነግረውኝ ነበር፤ እኔም «የእርግዝና ነው» ብዬ አለፍሁት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ስትመለስ ግፊቷ 170 በ110 ሆኖ ተገኘ። በሽንቷ ብዙ ፕሮቲን ታየ፤ ራስ ምታቱም እንደ ፊተኛው ጸንቶባታል። የ36 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነበረች። በገበያው ቀን ግፊቷ ስንት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

ይህን ሕመም ሁላችንም እናውቀዋለን። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊት 140 በ90 ሲደርስና በሽንት ፕሮቲን ሲገኝ ፕሪኤክላምፕሲያ እንለዋለን፤ 160 በ110 ሲደርስ ከባድ ሆኗል። መነሻው ከእንግዴ ልጁ ዘንድ ነው፤ ደም የሚያደርሱለት ሥሮች በሚገባ ሳይሰፉ ሲቀሩ ጣጣው እስከ እናቲቱ ኵላሊት፣ ጉበትና አንጎል ይዘልቃል። መንቀጥቀጡን የሚከላከል ማግኒዚየም ሰልፌት ግን አለን። በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶች የተካፈሉበትና ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ መድኃኒቱ የመንቀጥቀጥን አደጋ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አስረድቷል። ስለዚህ 4 ግራም በደም ሥሯ፣ 10 ግራም በሁለት መቀመጫዋ ከፍለን ሰጠናት። ግፊት የሚያወርድ መድኃኒትም ጨመርን። በአምቡላንስ አብሬያት ሄድሁ።

የሆስፒታሉ ሐኪም መረመራትና የማሕፀኗ አፍ ስለ ለሰለሰ ምጡ በመድኃኒት እንዲጀመርላት አዘዘ፤ ወዲያውም ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ተጠራ። ከዚያ በኋላ ለ11 ሰዓት ያህል ከአጠገቧ ያልተለየችው አንዲት አዋላጅ ናት።

ይህች አዋላጅ በደቂቃ ከ16 እንዳይወርድ ትንፋሿን በየጊዜው ትቈጥር ነበር። ጉልበቷን በመዶሻ መታ አድርጋ ምላሹን ታያለች፤ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር እንዳያንስ ትለካለች፤ የፅንሱን የልብ ትርታ ታዳምጣለች። መድኃኒቱ ቢበዛባት የሚያረክሰውን ካልሲየም ግሉኮኔት ከራስጌዋ አኑራለች። ይህ ሁሉ የታዘዘ ነው። ከዚህ ሌላ ማንም ያላዘዛትን አደረገች። ከእያንዳንዱ ልኬት በኋላ «ወርዷል እኅቴ፤ 150 ሆኗል» እያለች ለራሷ ለሴትዮዋ ትነግራት ነበር። አማቷንም ከደጅ አስገብታ «እማማ፣ ወገቧን እርስዎ ይሹላት» አለቻቸው። ሴትዮዋ «እንደ ፊተኛው ይጥለኛል?» ስትል በጠየቀቻት ጊዜ በባዶ ተስፋ አልሸነገለቻትም። «እንዳይጥልሽ መድኃኒቱን ሰጥተንሻል፤ ቢጥልሽም እኔ ከዚህ ነኝ፤ የትም አልሄድም» አለቻት።

ጎሕ ሲቀድ 2 ኪሎ ከ300 ግራም የምትመዝን ሴት ልጅ ተወለደች፤ አለቀሰችም። ለእናቲቱ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻዋ ተሰጣት፤ ሕፃኗም ከደረቷ ላይ ተደረገችላት። አማቲቱ እልል ብለው «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሉ። አዋላጅዋ ግን መለኪያውን ገና አላስቀመጠችም። መንቀጥቀጡ ከወሊድ በኋላም ሊመጣ ይችላልና መድኃኒቱ 24 ሰዓት ቀጠለ።

ባልደረቦቼ፣ አንዳንዶቻችን እርግዝና ሲከብድ «ከእንግዲህ የሐኪም ነው» ብለን እጃችንን እንሰበስባለን። ሐኪሙ ይመረምራል፣ ይወስናል፣ ሲያስፈልግም ቀዶ ያዋልዳል፤ ሌሊቱን የሚያነጋላት ግን አዋላጅዋ ናት። እርግዝናዋ የከበደባት ሴት አዋላጅ የሚያስፈልጋት ከሌላው ይበልጥ እንጂ ያነሰ አይደለም። በአገራችን በ2000 እ.ኤ.አ. በሠለጠነ ባለሙያ እጅ የሚወልዱት እናቶች ከመቶ 6 ያህል ብቻ ነበሩ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው ጥናት ግን ግማሽ ያህል ደርሰው ተገኝተዋል። እናቶች እኛን አምነው መጥተዋል፤ ቀሪው የእኛ አቀባበል ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እማጠናችኋለሁ። አንደኛ፣ ግፊቷ ሳይለካ አንዲትም ነፍሰ ጡር ከደጃችን አትመለስ። ሁለተኛ፣ ይህ ሕመም ቀድሞ የነካት ሴት ዳግመኛ ስትፀንስ በጊዜ እንድትመጣ እንምከራት፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. እንዲህ ላሉ ሴቶች በየቀኑ 75 ሚሊ ግራም አስፒሪን እንዲሰጥ፣ ከ20ኛው ሳምንት በፊትም እንዲጀመር መክሯልና። ሦስተኛ፣ ወደ ሆስፒታል የምንልካትን እናት ብቻዋን አንስደዳት።

ሴትዮዋ ልጇን ለአርባ አምስት ቀን ክትባት ይዛ በመጣች ጊዜ ያን ቀን ግፊቷን ሳልለካ እንደ ሰደድኋት ነገርኋት። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያም እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችልኝ፤ «እንግዲያስ አሁን ለኪኝ» አለችኝ።

ለካኋት። 120 በ80 ነበር።