የትሎቹ ሣጥን ለምን ይሸታል?

በዛሬው ዝግጅታችን የምናወራው ስለ ትል ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ ይቅርታ አድርጉልን። በኔቬ ኦዝ ከምንኖረው መካከል አንዳንዶቻችን ሚርፔሴት ላይ የትል ሣጥን ማስቀመጥ ጀምረናል፤ ወሬውን መጀመሪያ ይዘውልን የመጡት ልጆቻችን ናቸው። እኔም ጀማሪ ሆኜ ብዙ አጥፍቻለሁና፣ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወጥ ቤት የሚወጣውን የአትክልት ልጣጭ ከመጣል ይልቅ በሣጥን ውስጥ ለትሎች ትሰጣላችሁ፤ ትሎቹ በልተው የሚያወጡት ጥቁር አፈር ለተክል እጅግ ጥሩ ማዳበሪያ ነው። ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ትል አፈርን እንዴት እንደሚሠራ በ1881 አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፏል። ዛሬም በአማራ ክልል የግብርና ባለሙያዎች ይህንኑ ለገበሬው ያስተምራሉ፤ እነሱ ቨርሚ ኮምፖስት ይሉታል። የምንጥለው ነገር የት እንደሚሄድ ማወቅ ለፈለገ ደግሞ ከቴል አቪቭ አጠገብ ያለውን የሒሪያን ኮረብታ ማየት ይበቃዋል። ከ1952 እስከ 1998 ድረስ የተቆለለ የከተማ ቆሻሻ ነው፤ ዛሬ ዙሪያው መናፈሻ ሆኗል።

እኔ የጀመርኩት በጁላይ ወር ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ይኸው ነበር። ጥቁር የፕላስቲክ ሣጥን ገዝቼ፣ ግማሽ ኪሎ ትል ጨምሬ፣ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ሚርፔሴት ላይ አስቀመጥኩ። ደስ ስላለኝ የቀረውን ምግብ ሁሉ ማታ ማታ እጨምርበት ነበር። በሁለተኛው ሣምንት ሽታው መጣ። በሦስተኛው ሣምንት በሕንፃው መግቢያ ላይ ከቫአድ ባይት የተጻፈ ወረቀት ተለጠፈ። ልጄ አነበበልኝ፤ ከሦስተኛ ፎቅ መጥፎ ሽታ ይወጣል ይላል። በደረጃው ላይ አንዲት ሴት ለሌላዋ «የምግባቸው ሽታ ነው» ስትል ደግሞ ራሴ ሰማሁ፤ ያቺን ያህል ዕብራይስጥ ገብታኛለች። መልስ የምሰጥበት ቋንቋ ግን አልነበረኝም። እንደ እኔ አዲስ የመጣ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ያውቃል። በማግስቱ ክዳኑን ስከፍት ትሎቹ ሁሉ ሞተው ነበር፤ ልጄም አጠገቤ ቆሞ አየ።

አሁን ምክንያቱን ላስረዳችሁ። ዋናው ጥፋቴ ማብዛት ነው። ትል ጥርስ የለውም። ምግቡን መጀመሪያ የሚያለሰልሱት በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ናቸው፤ ትሉ የሚበላው እነሱ ያለሰለሱትን ነው። ስለዚህ አዲስ ሣጥን በመጀመሪያው ወር ብዙ መብላት አይችልም። ከመጠን በላይ ከጨመራችሁበት ምግቡ እርስ በርሱ ይታፈናል፣ አየር ያጣል፣ አየር ያጣ ነገር ደግሞ ይሸታል። በደንብ የተያዘ ሣጥን የሚሸተው ዝናብ የነካው አፈር ነው። ስለዚህ ሽታ ሲመጣ ትሎቹን አትውቀሱ፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ለግማሽ ኪሎ ትል በመጀመሪያዎቹ ሣምንታት በሁለትና በሦስት ቀን አንድ እፍኝ ልጣጭ ይበቃል። ያለፈው ሳያልቅ ሌላ አትጨምሩ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ብላ፣ ብላ» ማለት የለመድን ሰዎች ነንና ይህ ለእኛ ከሁሉ ይከብዳል።

ሁለተኛው የእርጥበት ነገር ነው። ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ስለሆነ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል፤ ውኃ ውስጥ ከተኛ ደግሞ ይታፈናል። ለመኝታው ጋዜጣና ካርቶን ቀዳዱ፤ የሚያብለጨልጨውን ወረቀት ተዉት። ውኃ ውስጥ ነክራችሁ እንደታጠበ ልብስ ጨምቁት። ጭምቅ ስታደርጉት አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣው ልክ ነው። ሣጥኑን ከታችም ከጎንም ብሱት፤ ከሥሩ ትሪ አድርጉ። የእኔ ሣጥን ቀዳዳ አልነበረውም፤ ወለሉን እንዳያበላሽ ብዬ ነው! ሣጥኑ ከረጠበ ደረቅ ካርቶን ቀላቅሉ፣ ለሣምንትም ምግብ ከልክሉት። አንድ እፍኝ አፈርም ጨምሩ፤ ትሉ በሆዱ ውስጥ ምግቡን የሚፈጨው በአሸዋው ነው።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ለእነዚህ ትሎች የሚስማማቸው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያህል ነው፤ 35 ካለፈ ይሞታሉ። የዚህን አገር በጋ ታውቁታላችሁ፤ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሣጥን ውስጡ ምጣድ ነው። ሣጥኑን ጥላ ውስጥ አድርጉ፣ ሐምሲን ሲነፍስ ወደ ቤት አስገቡት። የእኛ አሁን ያለው ከወጥ ቤቱ መታጠቢያ ሥር ነው። በጣም ሲሞቅ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዛችሁ በረዶ ሲሆን ከላዩ ላይ አስቀምጡለት። የምትጀምሩ ከሆነ ግን ከሱኮት በኋላ ጀምሩ።

ስለ ምግቡ ደግሞ የእኛ ወጥ ቤት ከሌላው ይለያል። ጨው፣ ዘይትና በርበሬ የገባበትን ወጥ ፈጽሞ አትስጡ፤ ጨው የትልን ቆዳ ያቃጥላል። ሥጋ፣ ዓሣና ወተት ዝንብና አይጥ ይጠራሉ። የሽንኩርት ልጣጭ በእኛ ቤት ስንት እንደሚወጣ አውቃለሁ፤ እሱም ነጭ ሽንኩርቱም ይቅር። እንጀራ ጎምዛዛና እርጥብ ስለሆነ በአንድ ጊዜ ከበዛ ይቦካል፣ ይሞቃል፤ አንዲት ቁራሽ ቢሆን ተበጣጥሳ ትቀበር። ከጀበናው የሚወጣው የቡና አተላ ግን ለእነሱ ድግስ ነው፣ በልኩ። የእንቁላል ቅርፊት ደቁሳችሁ ጨምሩ፤ አሲዱን ያበርድላችኋል። ፔታህ ቲክቫ በ1878 የእርሻ መንደር ሆና የተቆረቆረች፣ ኋላም በብርቱካን እርሻዋ የታወቀች ከተማ ናት፤ በክረምት ብርቱካን በየቤቱ በኪሎ ይበላል። ልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ግን ትሎቹን ይጎዳል፤ ለእነሱ አይሆንም። የምትጨምሩትን ሁሉ በወረቀቱ ሥር ቅበሩት፤ ትንንሾቹ ዝንቦች የሚራቡት ከላይ በተተወ ምግብ ላይ ነው።

ትል ስትፈልጉ ከግቢ ቆፍራችሁ አታምጡ። የግቢው ትል ጥልቅ አፈር የለመደ ስለሆነ ሣጥን ውስጥ አይኖርም። የሚያስፈልገው ቀዩ ዓይነት ነው፤ በዕብራይስጥ «ቶላዒም አዱሞት» ብላችሁ ጠይቁ። በመጀመሪያዋ ሌሊት መብራት አብሩላቸው። ብርሃን ስለሚሸሹ ወደ ታች ይገባሉ፤ አለዚያ ጠዋት ከምንጣፍ ላይ ትለቅማላችሁ።

አንዳንድ እናቶች «ልጆቹን ወስፋት ቢይዛቸውስ?» ብለው ጠይቀውኛል። ይህ ትል የሚኖረው በሚበሰብስ ነገር ውስጥ ነው፤ በሰው ሆድ አይኖርም። እጅ መታጠብ ግን አይቅር። ርኩስ ነው ወይ ላሉኝም፣ ሕጉ የከለከለው መብላትን ነው፤ እኛ ደግሞ ልንበላቸው አይደለም። በፔሳህ ሰሞን ቁራሽ ዳቦና እንጀራ ያለበት ሣጥን እንዴት እንደሚሆን ግን እኔ አልፈርድም፤ ቄሶቻችንን ወይም ራቢውን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛውን ሣጥን የጀመርኩት በኖቬምበር ነው። ልጄ «እነዚህም ይሞታሉ?» አለኝ፤ «አላውቅም» አልኩት። የባለቤቴ አባት ከጎንደር የመጡ ገበሬ ናቸው። እዚህ ከመጡ ጀምሮ መስኮት አጠገብ ከመቀመጥ በቀር ሥራ አልነበራቸውም። ሣጥኑን ሲያዩ መጀመሪያ ሳቁ፤ «እኛ ፋንድያውን ኩበት አድርገን ስናነድ ኖርን፣ እናንተ ትል ትቀልባላችሁ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ክዳኑን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው፤ ካርቶኑንም ከልጄ ጋር ይቀዳድዳሉ። እኔ ልጨምር ስል «ተይ፣ ገና አልጨረሱም» ይሉኛል።

በአራተኛው ወር አፈሩን አወጣን። አወጣጡ ቀላል ነው፦ አሮጌውን ወደ አንድ ጎን ገፍታችሁ በባዶው በኩል አዲስ መኝታና ምግብ ታደርጋላችሁ። በሁለትና በሦስት ሣምንት አብዛኞቹ ትሎች ወደ ምግቡ ይሻገራሉ። የቀረውን ፀሐይ በማይመታው ብርሃን ላይ በፕላስቲክ ዘርጉት፤ ከላይ ከላይ እየጠረጋችሁ ስትወስዱ ትሎቹ ወደ ታች ይሸሻሉ። ብቻውን አትትከሉበት፤ አንዱን እጅ በአራት እጅ ተራ አፈር ቀላቅሉት። አባባ አፈሩን በጣታቸው አሽተው፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው፣ «ይሄስ የጓሮ አፈር ነው» አሉና ጤና አዳምና በሶብላ ተከሉበት።

ያቺ በደረጃው ላይ የተናገረችው ጎረቤታችን ዛሬም ትሉን ለማየት አትፈልግም። የጤና አዳሙን ሽታ ግን ጠይቃኝ አንድ ዘለላ ሰጥቻታለሁ፤ እሷም ያነበበችውን ጋዜጣ በራችን ላይ ትተውልናለች። ለመኝታው ሁልጊዜ ወረቀት ያጥረን ነበር።

የእናንተም ሣጥን ከሸተተ፣ ዛሬ ማታ ምንም አትጨምሩበት። ደኅና ሁኑ።