የጣና ዓሣ እንዲበረክት ወፎቹን መቀነስ ይጠቅማልን?



ለትምህርት ቤታችን በዓል ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ፥ እርስ በርሳችን የተከራከርንበትን ጉዳይ ልናቀርብላችሁ ወደድን። የጣና ዓሣ ተመናምኗል። ከመካከላችን ገሚሶቹ፥ «ፔሊካንና ሌሎቹ ዓሣ በል ወፎች ቢቀነሱ ዓሣው ይበረክታል» አልን፤ ገሚሶቹ ግን አልተቀበልንም። እንዲህ ያለው ክርክር በእኛ አልተጀመረም። በካናዳ፥ በኒውፋውንድላንድ ባሕር፥ ኮድ የተባለው ዓሣ ተመናምኖ በ1984 ዓ.ም. ማጥመድ በተከለከለ ጊዜ፥ አቆስጣ የሚባለውን ዓሣ በል የባሕር እንስሳ የወቀሱ ብዙዎች ነበሩ።

ወፍ ዓሣ መብላቱ እውነት ነው። ነገር ግን ወፉ በጣና የኖረው ከጥንት ጀምሮ ነው፤ ዓሣውም አብሮት ኖሯል። ከዚህም ሌላ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው ባርበሶች በጣና 15 ያህል ዓይነት ሲሆኑ፥ አብዛኞቹ በሌላ ሐይቅ አይገኙም፤ ከእነርሱም 8ቱ ራሳቸው ዓሣ በል ናቸው። ዓሣ የሚበላ ሁሉ ይገደል ካልን እንግዲህ ልናድነው ከተነሣነው ዓሣ ልንጀምር ነው! (እዚህ ላይ ወፎቹን የከሰሱት ጓደኞቻችን ሳቁ፤ ግን ወዲያው አልተረቱም።)

ታዲያ ምን ተለወጠ? በደንገል ታንኳ ይጠመድበት በነበረው ሐይቅ ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ፥ በወንዝ የሚራቡት ባርበሶች በሦስት አራተኛ ያህል እንደ ቀነሱ ባለሙያዎች መዝግበዋል። በክረምት፥ በተለይም በነሐሴና በመስከረም፥ ትልልቆቹ ዓሦች እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ርብ ይወጣሉ። በወንዙ አፍ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ያለፉትንም በብርብራ ፍሬ ዱቄት የሚያደነዝዛቸው አለ። ወፍ በአብዛኛው ትንንሹን ይለቅማል፤ መረብ ግን እናቲቱን ከነእንቁላሏ ያወጣል።

ጣና ደግሞ ከታች ዓሣ አይመጣለትም። የእኛዎቹ ብርና ፈጠም ዓባይን የሚቀላቀሉት ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ነው፤ 40 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል ዘሎ የሚወጣ ዓሣ የለም።

ከብዙ ክርክር በኋላ የተስማማንበት፥ ወፎቹ ይተዉ፤ በነሐሴና በመስከረም የወንዞቹ አፍ ከመረብ ይረፍ የሚል ነው። አንዱን ነገር ግን አልፈታነውም፤ በእነዚያ ሁለት ወራት አጥማጁ ልጆቹን በምን ያብላ? በዚህ ላይ ከወላጆቻችን የምንሰማው ቢኖር ደስ ይለናል።