ካቻቪቴው ሲያዳልጥ

በኬንያ በኩል ባለችው ሞያሌ ቤት ያለው ሰው ሁለት ዓይነት ሶኬት ያውቃል። አንዱ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው የኬንያው ነው፤ ሌላው ሁለት ክብ እግር ያለው፣ ከወዲያ ማዶ ከኢትዮጵያ የሚመጣው። ከአዲስ አበባ ተጭኖ የመጣ ቴሌቪዥን እዚህ ግድግዳ ላይ አይገባምና ጫፉ ተቆርጦ የኬንያው ይገጠምለታል። እግረ መንገዴን፣ በእንጀራ ምጣድ ይህን አትሞክሩ። ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይጎትታል፤ የኬንያው ሶኬት ውስጥ ያለው ፊውዝ ግን 13 አምፒር ነው፤ ከ3,100 ዋት ብዙም አያልፍም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሶኬቱን ለመክፈት ከሦስቱ እግሮች መሐል ያለችውን ብሎን መፍታት ነው። ከዚያ ውስጥ ሽቦውን አጣብቀው የያዙት ትንንሽ የናስ ብሎኖች ይጠብቁናል፤ ጣጣውም ከነሱ ይጀምራል። ናስ ለስላሳ ነው፣ የካቻቪቴው ጫፍ ብረት። አንዴ ካዳለጠ ጠርዙን ገፎት ይሄዳል። ሁለተኛ ሲያዳልጥ የሚይዘው ነገር ያጣል። ከሦስተኛው በኋላ ብሎኗ ራሷ የሾላ ፍሬ ትመስላለች።

እኔ የምለው፣ ያለን ዕድል የመጀመሪያዋ መንሸራተት ላይ ነው። እዚያች ላይ እጅን ሰብስቦ ካቻቪቴውን ማየት። ብዙዎቻችን ግን ጥርሳችንን ነክሰን የበለጠ እናዞራለን። መዞር ሳይሆን መጫን ነው የጎደለው፤ ከጉልበቱ ብዙው ወደ ታች፣ ጥቂቱ ወደ ዙር መሄድ አለበት።

ምክንያቱ መስቀለኛው ብሎን ራሱ ነው። ይህን ዓይነቱን ብሎን በዓለም ያስፋፋው ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባል የኦሪገን፣ አሜሪካ ሰው ነው፤ የአምፖሉ ፊሊፕስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1936 ጄኔራል ሞተርስ ካዲላክ መኪኖቹን ሲገጣጥም ተጠቀመበት፤ ከዚያ ወዲህ ያልገባበት ቤት የለም። የመስቀሉ ግድግዳ ወደ ውስጥ ሲወርድ ይጠባል፤ ዘንበል ያለ ነው። ስለዚህ ስናዞረው ካቻቪቴውን ሽቅብ ይገፋዋል። ፋብሪካ ውስጥ ማሽኑ ወደ ታች ይጫነዋልና ችግር የለውም። ወንበር ላይ ቆሞ ጣሪያ ሥር የተንጠለጠለ ሰው ግን በምን ይጫነው?

በዚያ ላይ የሞያሌ ነገር አለ። ከሞምባሳ ወደብ የሚመጣው ዕቃ በናይሮቢና በኢሲዮሎ አድርጎ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው በሀዋሳና በያቤሎ አድርጎ እዚችው ከተማ ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ኡሁሩ ኬንያታና ዐቢይ አሕመድ የጋራውን የድንበር ኬላ ከመረቁ ወዲህ ደግሞ ሹፌሩ ፍተሻውን በአንድ ቦታ ጨርሶ ያልፋል። ዕቃው ከየአቅጣጫው ስለሚመጣም ብሎኑ ዓይነት በዓይነት ነው። ጃፓን ሠራሹ መስቀል ከፊሊፕስ ጋር መንታ ይመስላል፤ ቅርጹ ግን ይለያል። የተለመደው ካቻቪቴ እስከ ታች አይደርስለትም፣ ተንሳፎ ይቀርና ይፍቀዋል። አንዳንዶቹ ራሳቸው ላይ ትንሽ ነጥብ አላቸው፤ ያቺን ነጥብ ካያችሁ ተጠንቀቁ። ሱቅ ያሉት ካቻቪቴዎችም 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አላቸው፤ ቁጥር 2 ለሚሻው ብሎን ቁጥር 1 ማስገባት ብሎኑን በገዛ እጅ መግደል ነው።

ከሁሉ በፊት ግን መርፌ። የዚህ አገር አቧራ መስቀሉ ውስጥ ገብቶ ይጠጥራል፣ ካቻቪቴውም ላይ ላዩን ብቻ ይነካል። መርፌ ይዞ ቆሻሻውን መጫር የደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ "ተበላ" የተባለ ብሎን በዚህ ብቻ ይወጣል። ሶኬት ከሆነ፣ መጀመሪያ ከግድግዳው ንቀሉት፤ ይህን እንኳ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ቢቀር፣ ስለ ላስቲክ ሁሉም ያወራል። የካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ በብሎኑና በካቻቪቴው መሐል ማስገባት ማለት ነው። ትንሽ ለተፋቀ ይሠራል፤ ለዛገ ግን ወሬ ነው። የኔ ምርጫ የጋራዥ የቫልቭ መፍጫ ቅባት ነው፤ ውስጡ ያለው ደቃቅ አሸዋ መሰል ነገር ካቻቪቴውን ይይዝለታል። ቅባቱ ከሌለ ዕቃ ማጠቢያው ቪም ዱቄት በጠብታ ውኃ ለጊዜው ይተካዋል።

የዛገ ከሆነ ዘይት ማጠጣትና ትዕግሥት፤ ማታ አጠጥቶ ጠዋት መሞከር ነው። ናፍጣ ያጠጣችሁት ብሎን ላይ ግን እሳት አታስጠጉ። ካቻቪቴውን አስገብቶ መያዣውን በመዶሻ አንድ ሁለቴ መታ ማድረግም ዝገቱን ይሰብራል፤ እጀታው ብረቱ ዘልቆ የሚያልፍበት ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ለነገሩ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ያለው 500 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አስፋልት ሳይሆን በፊት የዚህ አገር መኪና ሕመም ተቃራኒው ነበር፤ ንቅናቄው ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ መንገድ ላይ ያስቀረው ነበር።

ከላይ ጉብ ያለ ራስ ያለው ብሎን ዕድለኛ ነው። በብረት መጋዝ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ቀድዶ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ መፍታት ይቻላል፤ ወይም ነክሶ በሚቆለፍ ፒንሳ መያዝ። ከእንጨቱ እኩል የተቀበረው ግን ትራፓኖ ይፈልጋል። መሐሉን በነጥብ መቺ ምልክት አድርጉ፣ ከቀጭኑ ጀምራችሁ እያሰፋችሁ ራሱን ቆርጣችሁ ጣሉት። ብሎኑ የያዘው ነገር ሲነሳ ግንዱ ብቻ ይቀራል፣ እሱን ፒንሳ ያወጣዋል። የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚሉት፣ ጥርሱ በግራ የዞረው ብረት ሱቅ ይገኛል፤ እኔ ለጀማሪ አልመክርም። እጅግ ጠጣር ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ትራፓኖም አይበሳውም፤ ያን ጊዜ ፉንዲ ፍለጋ ወደ ጁዋ ካሊ ሠፈር ነው።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ድንበሩን ስናልፍ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩን ይቀይራል፤ ብሎን ግን በሁለቱም አገር ወደ ቀኝ ሲዞር ነው የሚጠብቀው። ከዚህ የሚወጡ ጥቂቶች አሉ። የብስክሌት የግራ ፔዳል አንዱ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሲያጠብቅ ውሎ "አልወጣም አለ" ይላል።

የወጣውን ብሎን ደግሞ አትጣሉት፤ ሱቅ ይዛችሁ ሂዱ። የበር ማጠፊያ ብሎን ከነበረና ቀዳዳው ሰፍቶ አዲሱ ካልያዘ፣ ሁለት ሦስት የክብሪት እንጨት በሙጫ አርሳችሁ ክተቱበት፤ ሲደርቅ ትርፉን ቁረጡና አዲሱን ብሎን በትራፓኖ ብታስገቡትም ጨርሶ ሳይጠብቅ አንድ ሩብ ዙር ሲቀረው በእጅ ጨርሱት።