አሮጌ የእርሻ ትራክተር በርካሽ ሲገኝ እንዴት መመዘን እንደሚገባ
(በመርሳ ለመምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተነገረ)



በሬ የሚገዛ ሰው ወደ ገበያ በወጣ ጊዜ ከዋጋው አስቀድሞ በሬውን ይመለከታል። ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን ያውቃል፤ ትከሻውን ይዳስሳል፤ ኮቴውን ያነሣል፤ ጥቂት አስኬዶ እንዳያነክስ ይመረምራል። ከዚያም በኋላ ባለቤቱን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ስለ በሬው ጠባይ ይጠይቃል። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው። ነገር ግን ትራክተር የሚባለው የእርሻ መኪና ለሽያጭ በቀረበ ጊዜ፥ ይልቁንም አሮጌ ሆኖ ዋጋው የረከሰ እንደ ሆነ፥ ይህን ጥበብ ትተን ቀለሙንና ዋጋውን ብቻ አይተን ገንዘብ የምንቆጥር ብዙዎች ነን። የዛሬው ንግግሬ ያ የበሬ ገበያ ጥበብ ለመኪናም እንዲውል የሚያሳስብ ነው።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጎረቤታሞች ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ አንዳንዱም ጥማድ በሬውን ሸጦ፥ መኪና ቢገዙና መኪናው በሐምሌ መካከል ቢቆም፥ ዝናሙ መኪናው እስኪጠገን ድረስ አይጠብቅም። በሬው ተሽጧል፤ መኪናው ቆሟል፤ መሬቱ ጦም ያድራል። በሀብሩ ቆላ የበልጉ ዝናም በቀረበት ዓመት የማሽላውም የጤፉም ተስፋ በክረምቱ ላይ ይወድቃልና፥ በዚያ ጊዜ የጠፋች አንዲት ሳምንት በኋላ በብዙ ገንዘብ አትገዛም።

እንግዲህ ስለ አሮጌ መኪና የሚጠየቀው «ይሰበራል ወይስ አይሰበርም?» ተብሎ አይደለም። ማናቸውም መኪና ይሰበራል፤ አሮጌውም ከአዲሱ ይልቅ ይሰበራል። የሚገባው ጥያቄ «በተሰበረ ጊዜ በስንት ቀን ይነሣል?» የሚለው ነው።

መምህራን በሰሌዳ ላይ ጽፈው ሊያስረዱት የሚቻላቸውን ሒሳብ እነሆ። 30 አባወራዎች በኅብረት መኪና ገዙ እንበል። እያንዳንዱ 4 ጥማድ መሬት አለው። አንድ ጥማድ መሬት ሁለት በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው ሆኖ የሄክታር ሩብ ያህል ስለ ሆነ፥ የሁሉም መሬት 30 ሄክታር ነው። አሮጌው ትራክተር በቀን 2 ሄክታር ቢያርስ ሥራውን በ15 ቀን ይፈጽማል። አፈሩ ለእርሻና ለዘር የሚመች ርጥበት የሚቆይበት 20 ቀን ቢሆን፥ የሚተርፈው 5 ቀን ብቻ ነው። መኪናው 5 ቀን ቢቆም ማንም አይጎዳም። 10 ቀን ቢቆም ግን የሚታረሰው 20 ሄክታር ብቻ ስለ ሆነ 10 ቤተ ሰብ ሳያርስ ይቀራል። ስለዚህ ለእነዚህ ሰዎች የታመነ መኪና ማለት፥ መለዋወጫው ተገኝቶ፥ መካኒኩ መጥቶ፥ በ5 ቀን ውስጥ ተጠግኖ የሚነሣ መኪና ማለት ነው። ቍጥሩን እያንዳንዱ መንደር በራሱ መሬትና በራሱ ዝናም ልክ ይለውጠው፤ የሒሳቡ መንገድ ግን ያው ነው። ስለ ዘር ጊዜ በሲሪንቃ ያለውን የግብርና ምርምር ማእከል መጠየቅ ይጠቅማል።

ይህን ነገር ሌሎች ሕዝቦችም በጉዳት ተምረውታል። በአሜሪካ አገር በነብራስካ ግዛት ዊልሞት ክሮዚየር የተባለ ገበሬ «ፎርድ» የሚል ስም የያዘ ትራክተር ገዛ። የሠራው ኩባንያ ግን በሚኒያፖሊስ ከተማ የነበረ እንጂ ዝነኛው የሄንሪ ፎርድ ፋብሪካ አልነበረም። መኪናውም እንደ ተነገረለት ሆኖ አልተገኘም። ይህ ገበሬ የግዛቱ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሳለ በ1911 ዓ.ም. (በፈረንጆች 1919) ስለ ትራክተር ሕግ እንዲወጣ ከደከሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። ሕጉ በዚያ ግዛት የሚሸጥ የትራክተር ዓይነት አስቀድሞ በዩኒቨርሲቲው እንዲፈተን አዘዘ። ከዚህም ጋር ሻጩ ኩባንያ መለዋወጫ በግዛቱ ውስጥ እንዲያኖር ግድ አደረገ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በመኪናው ላይ የተጻፈ ስም ምስክር አይሆንም፤ መለዋወጫ የሌለው መኪናም ጐደሎ መኪና ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ በደርግ ዘመን በናዝሬት፥ በዛሬዋ አዳማ፥ ቤላሩስ የሚባለው የሶቪየት ኅብረት ትራክተር ይገጣጠም ነበር። ከዚህ ወገን ኤምቲዜድ 80 የተባለው በሚንስክ ከተማ ከ1966 ዓ.ም. (ከ1974) ጀምሮ የተሠራ፥ 4 ሲሊንደርና 80 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። ፒስቶኑ የሚመላለስበት ቤት ሲበላ ወጥቶ በአዲስ ይለወጣል። እንደዚሁም ማሲ ፈርጉሰን 135 የሚባለው ከ1957 ዓ.ም. (ከ1964) ጀምሮ በእንግሊዝ አገር የተሠራ፥ 3 ሲሊንደርና 45 ያህል የፈረስ ጉልበት ያለው ነው። እንደነዚህ ያሉት መኪኖች ያረጁ ቢሆኑም አሠራራቸው ቀላል ነው፤ የሚያውቃቸውም መካኒክ አይታጣም። ስለዚህ አሮጌ ሁሉ ክፉ ነው አይባልም። ዕድሜው 40 ዓመት የሆነ የታወቀ ትራክተር፥ ዕድሜው 10 ዓመት ከሆነና ማንም ከማያውቀው ትራክተር ሊሻል ይችላል። ነገር ግን ጉልበቱ ያነሰውን መኪና በደረቀ ዋልካ አፈር ላይ ከዐቅሙ በላይ የሚያስጎትት ሰው ቶሎ ይገድለዋል፤ ድንጋያማው ተዳፋትም አሁንም የበሬ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ምርመራው እንመጣለን። መኪናውን ለማየት ማልዳችሁ ሂዱ፤ አስቀድማችሁም ሞተሩን በእጃችሁ ንኩ። ሙቅ ሆኖ ካገኛችሁት ሻጩ አስነሥቶት ቆይቷልና፥ በብርድ መነሣት የማይችል እንደ ሆነ ይጠርጠር። የዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጡ፤ ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይሞቅ ክፈቱ፤ በውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ ቴስታታው ወይም ጋርኒሲዮኑ ተጎድቶ ይሆናል።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ጭሱን ተመልከቱ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም ብዙ ጊዜ የፒስቶኑ ፋሻ በማለቁ ነው። ሞተሩ ሳይጫንበት የማያቋርጥ ጥቁር ጭስ ናፍጣው በሚገባ አለመቃጠሉን፥ ወይም የአየሩ ማጣሪያ መታፈኑን ያሳያል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ መግባቱን ወይም ናፍጣው ሳይነድ መውጣቱን ይናገራል። የዘይቱን መሙያ ክዳን ስታነሡ ጭስ እየገፋ ቢወጣ ሞተሩ ደክሟል።

ከዚህ በኋላ በቆመበት አትመኑት፤ በፀሓይ ከአንድ ሰዓት ያላነሰ ይረስ። በሥራ መካከል ማርሹ በራሱ የሚወጣ፥ ፍሪሲዮኑ የሚንሸራተት፥ ውሃው የሚፈላ እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታያል። ማረሻውን የሚያነሣው ሃይድሮሊክ አንሥቶ ሳይቆይ ከወረደ ወይም ከተንቀጠቀጠ ውስጡ ይሾልካል። ከዚያም አጥፍታችሁ እንደ ሞቀ መልሳችሁ አስነሡት፤ ብዙ አሮጌ ሞተር ማታለሉ የሚገለጠው በዚህ ጊዜ ነው። የሥራውን ሰዓት የሚቈጥረውን መሣሪያ ብቻ አትመኑ፤ ሊቆም ወይም ሊለወጥ ይችላልና። የፍሬኑ መርገጫ ምን ያህል እንደ ተፋቀ፥ መሪው ምን ያህል እንደ ላላ፥ የኋላው ጎማ እንደ ተሰነጠቀ ተመልከቱ። አዲስ የኋላ ጎማ ብዙ ገንዘብ ይበላልና ከዋጋው ጋር ይታሰብ።

ከመካኒኩ ሥራ ቀጥሎ የመምህሩና የሽማግሎቹ ሥራ አለ። መምህሩ በሞተሩና በሻሲው ላይ የተቀረጸውን ቍጥር ከሊብሬው ጋር ያስተያይ፤ መኪናው ለባንክ ዕዳ መያዣ ሆኖ እንደ ሆነም ይጠየቅ። ሽማግሎቹ ሻጩን «ለምን ትሸጠዋለህ? ባለፈው ክረምት ስንት ቀን ቆመ? የቆመውስ በምን ምክንያት ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ መኪናው የሠራበትንም ቀበሌ ሰዎች ይጠይቁ። አጥብቀው በመጠየቃቸው የሚቈጣ ሻጭ ሲገኝ ቍጣውም አንድ ምስክር ነው።

ገንዘባችሁንም ሁሉ ለዋጋው አትስጡ። ከሦስት እጅ አንዱን ለጥገና አኑሩ፤ በዚያም ገንዘብ ክረምቱ ሳይገባ ፊልትሮ፥ ቺንጋ፥ የውሃ ቱቦና ዘይት ግዙ። ከመግዛታችሁ በፊት «ፖምፓው ወይም ፍሪሲዮኑ ቢበላሽ ዕቃው ከወልድያ ወይስ ከደሴ፥ ወይስ ከአዲስ አበባ ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቀኑንም በሒሳባችሁ ውስጥ አግቡት። ነጂው አንድና የታወቀ ይሁን፤ በየጧቱም ዘይቱንና ውሃውን ይይ። መምህሩ ደግሞ በደብተር የሠራበትን ሰዓት፥ ዘይት የተለወጠበትን ቀንና የተሰበረውን ይጻፍ። ከዓመት በኋላ ያ ደብተር ከማንም ሻጭ ቃል ይልቅ እውነቱን ይናገራል።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ምክር ልንገራችሁ። መኪናው አንድ ሙሉ ክረምት ሠርቶ እስኪታይ ድረስ ማንም በሬውን አይሽጥ። በሬውን ሸጦ ካልሆነ በቀር መዋጮውን ሊከፍል የማይችል ሰው ካለ፥ ኅብረቱ አንድ ዓመት ይታገሠው። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይባላልና፥ እናንተ ሽማግሎች በሬ ስትገዙ የምትታገሡትን ያህል በመኪናውም ታገሡ፤ እናንተም መምህራን ይህን የ30 አባወራዎች ሒሳብ በየትምህርት ቤታችሁ በሰሌዳ ጽፋችሁ አስተምሩ። ልጁ ከትምህርት ቤት የተማረውን ማታ ለአባቱ ይነግረዋል፤ አባትዬውም ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት ቀኑን ይቈጥራል።