ቅንፍ ሲዘጋ ምን ይመለሳል?
ስለ ማቧደንና ስለ ተለዋዋጮች ወሰን የቀረበ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ከአንዲት ትንሽ ምልክት፣ ከጥምዝ ቅንፍ ይነሣል። ይህች ምልክት በሲ፣ በጃቫስክሪፕትና በቴክ ፋይሎች ውስጥ ትገኛለች። መልኳ አንድ ስለ ሆነ ሥራዋም አንድ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ቅንፍ ሁለት የተለያዩ አገልግሎቶች ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው ማቧደን ነው፤ ይኸውም ብዙ ትእዛዞችን እንደ አንድ ማስቆጠር። ሁለተኛው ወሰን ማበጀት ነው፤ ይኸውም በውስጥ የተደረገው ወደ ውጭ እንዳይዘልቅ መከልከል። ሁለቱ የግድ አብረው መሄድ የለባቸውም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ በዚህ ላይ የየራሱን ውሳኔ ወስኗል።

እ.ኤ.አ. በ1960 ይፋ የሆነው አልጎል 60 በአንድ ክፍል ውስጥ የታወጀ ተለዋዋጭ ከዚያ ክፍል ውጭ እንዳይታወቅ ደነገገ። ሲም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። ሀ የተባለ ተለዋዋጭ ከቅንፉ ውጭ 1 ዋጋ አለው እንበል። በቅንፉ ውስጥ ሌላ ሀ አውጀን 2 ብንሰጠው፣ ቅንፉ ሲዘጋ የውጭው ሀ እንደ ነበረው 1 ነው። አዲስ ሳናውጅ የነበረውን ሀ 2 ብናደርገው ግን፣ ቅንፉ ከተዘጋም በኋላ 2 ሆኖ ይቀራል። እንግዲህ በሲ ወሰን የሚበጀው ለስም ነው።

ዶናልድ ክኑዝ ለኅትመት ዝግጅት የፈጠረው ቴክ የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። በቡድኑ ውስጥ ያንኑ የውጭውን ሀ 2 ብናደርገው፣ ቅንፉ ሲዘጋ ወደ 1 ይመለሳል። ቴክ የቀድሞውን ዋጋ መዝግቦ ያቆያል፤ ቡድኑ ሲያበቃም ይመልሰዋል። ስለዚህ በቴክ ወሰን የሚበጀው ለዋጋ ነው። ጥቂት ቃላትን ብቻ በደማቅ ፊደል ማሳተም ለሚፈልግ ጸሐፊ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ሁሉም ነገር ቢመለስ ግን ጉዳት ይኖረዋል። በላቴክ ቁጥር የሚሰጠው እያንዳንዱ የሒሳብ ቀመር በራሱ ቡድን ውስጥ ይቀመጣል። ቆጣሪው በቡድኑ መዘጋት ወደ ኋላ ቢመለስ ኖሮ፣ ተከታታይ ቀመሮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር በያዙ ነበር። ስለዚህ ላቴክ የቆጣሪዎችን ለውጥ ሆን ብሎ ወሰን አልባ ያደርገዋል።

ፓይተን ደግሞ ቅንፍን ትቶ፣ መስመሮችን ከግራ ገባ አድርጎ በመጻፍ ያቧድናል። ይህ ግን በራሱ ወሰን አያበጅም፤ በፎር ዙር ውስጥ ዋጋ ያገኘ ተለዋዋጭ ዙሩ ካበቃም በኋላ ይኖራል። ወሰን የሚያበጀው ፈንክሽኑ ነው። በጃቫስክሪፕትም በቫር የታወጀ ስም ከቅንፉ አልፎ በፈንክሽኑ ሁሉ ይታያል፤ በቅንፉ የሚወሰነው ሌት የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። በዩኒክስ ሼል ሁለቱ አገልግሎቶች ለሁለት ምልክቶች ተከፍለዋል። ጥምዝ ቅንፍ ያቧድናል ብቻ፤ ክብ ቅንፍ ግን ትእዛዞቹን በተለየ ንዑስ ሼል ስለሚያስኬድ፣ በውስጡ የተለወጠ ተለዋዋጭ በውጭ አይለወጥም።

ይህ ልዩነት ለምን ያሳስበናል? ስሕተቱ ብዙ ጊዜ ድምፅ ስለማያሰማ ነው። አንድ ተማሪ በመመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ አንድ አንቀጽ በትንሽ ፊደል እንዲታተም ፈልጎ በቅንፍ ከበበው እንበል። ፊደሉ ያንሳል፤ የመስመሮቹ ርቀት ግን እንደ ትልቁ ፊደል ሰፊ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱም ቴክ አንቀጹን ወደ መስመሮች የሚከፋፍለው አንቀጹ ሲያበቃ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቅንፉ ተዘግቶ የቀድሞው ርቀት ተመልሷል። መፍትሔው አንቀጹን ከመዝጊያው ቅንፍ በፊት መጨረስ ነው። ኮምፒዩተሩ ምንም ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ ተማሪው ግን ጥፋቱን በፊደሉ ላይ ሲፈልግ ይውላል።

ስለዚህ ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አዲስ ቋንቋ ስናስተምር የምልክቶቹን ዝርዝር ከማስጠናታችን በፊት ሁለት ጥያቄዎችን እናስቀድም፤ ይህ ምልክት ምን ይሰበስባል? ሲዘጋስ ምን ይመለሳል? የመጀመሪያውን መልስ ዓይን ያየዋል። ሁለተኛው ግን ከቋንቋው ሕግ እንጂ ከምልክቱ መልክ አይገኝም፤ ተማሪዎቻችንም የሚቸገሩት በዚህኛው ላይ ነው።