የአራሷ ስፌት

(በጦር ኃይሎች አካባቢ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)



አንዲት እናት በወለደች ጊዜ ሁላችን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እንላታለን። ከዚያ በኋላ ስለ ሕፃኑ እንጂ ስለ እርሷ ቁስል የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ከዚህ ከጦር ኃይሎች አደባባይ ወደ አየር ጤና በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ አራስ በአንድ ጎኗ ተደግፋ ስትቀመጥ አይቻለሁ፤ ምክንያቱ ለወለዱ ሴቶች ግልጽ ነው።

በወሊድ ጊዜ ከመውለጃው በታች ያለው ሥጋ ብዙ ጊዜ ይቀደዳል፤ አንዳንዴም አዋላጇ በመቀስ ትሰነጥቀዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ይህን ስንጠቃ በልማድ ለሁሉም ማድረግ እንደማይገባ አስታውቋል። ጥልቀት ያለው ቁስል ግን መሰፋት አለበት።

የቆየው አሰፋፍ እያንዳንዱን መርፌ ለብቻው ቋጥሮ ክሩን መቁረጥ ነው። ሌላው በአንድ ክር፣ ሳይቋረጥና ሳይጠብቅ፣ ከውስጠኛው ሥጋ እስከ ቆዳው ሥር መዝለቅ ነው። ቁስሉ ማበጡ አይቀርም፤ ባበጠ ጊዜ ለየብቻ የታሰረው ቋጠሮ ሥጋውን ያንቀዋል፤ ተከታታዩ ክር ግን ውጥረቱን በርዝመቱ ሁሉ ያከፋፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ የኮክሬን ግምገማ ከስምንት አገሮች የተገኙ 16 ጥናቶችንና 8,184 ሴቶችን አካቶ፣ በተከታታይ የተሰፉት እስከ አሥረኛው ቀን ሕመማቸው ያነሰ እንደ ነበረ፣ ማስታገሻም ያነሰ እንደ ወሰዱ አሳይቷል። በረጅም ጊዜ ሕመም ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አልታየም። ክር መቆጠቡ ለጤና ጣቢያዎቻችን ቀላል ነገር አይደለም፤ እጅ የለመደ አዋላጅ ግን ይፈልጋል።

ወደ እናንተ ልምጣ። አራሷ ወንድ ብትወልድ 40፣ ሴት ብትወልድ 80 ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ሳትገባ ትቆያለች። ይህ ሥርዓት ከሐኪም ዘንድም የሚያስቀር መስሏቸው ቤት የሚውሉ አሉ፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የለም። የድኅረ ወሊድ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ይደረጋል። ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የስፌት መከፈት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ከታየ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

ጸበል ለመርጨት አራስ ቤት የሚገባ ካህን ይህን አራሷን ራሷን ይጠይቅ አልልም፤ ሁለቱንም ያሳፍራል። ወደ በሩ ሲሸኙት ለእናቷ ወይም ለአማቷ «ስፌቷን ያየላት ሰው አለ?» ቢል ግን ነገሩ ይገባቸዋል።