ዲግሪው አይፈርምም



ከዚህ ግቢ በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቄ ጀርመን ሀገር ሃንጋር ስገባ ዲግሪዬ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የአውሮፕላን ጥገና ፈቃድ ግን ሌላ ነገር ነው። በአውሮፓው ፓርት 66 ደንብ የእያንዳንዱ ሞጁል ማለፊያ 75 በመቶ ነው፤ እሱን ተወጣሁት። የጣለኝ የሥራ ልምድ ማስረጃው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ስቀይር፣ ፍሬን ስፈታ ከርሜ መዝገቤን ሳላስፈርም ቀረሁ። «ያልተፈረመ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» ተባልኩ። እንደገና ሀ ብዬ ጀመርኩ።

ያኔ በጣም ተናድጄ ነበር። ዛሬ እኔ ፈርሜ በለቀቅሁት አውሮፕላን ሕፃናት ያቀፉ እናቶች ሲሳፈሩ ሳይ ግን ነገሩ ይገባኛል።

መምህራኖቻችን፣ ከስሌቱ ጋር ሥራን መመዝገብንም አስተምሩልን። ታናናሾቼ፣ የሠራችሁትን በዕለቱ አስፈርሙ፤ ለነገ አትበሉ።